በግቢዎ ውስጥ ትንኝን፣ መዥገርንና ቁንጫን መቆጣጠር

በደጋ ላደገ ሰው ትንኝ ማለት ወባ ማለት ነው፤ ወባ ደግሞ ቆላ ሲወርዱ የሚፈራ በሽታ ነው። መዥገር የከብት ጉዳይ ነው። ቁንጫም እንቅልፍ ከመንሳት ያለፈ ጉዳት ያለው አይመስልም። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በአካባቢው ግን ነገሩ ይለያል። እዚህ ከሦስቱ ይበልጥ ሊጠነቀቁለት የሚገባው መዥገር ነው። ትንኞቹም አገር ቤት ከሚያውቋቸው የተለየ ጠባይ አላቸው።

ይህ ጽሑፍ ግቢ ላለው ቤት ነዋሪዎች፣ በረንዳ ወይም የጋራ ሣር ላለው አፓርትመንት ተከራዮች፣ እንዲሁም በጋራ የአትክልት ቦታ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ለሚተክሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አብዛኛው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በሳምንት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ቀን የሚነክሰው ትንኝ

በበጋ በጠራራ ፀሐይ ግቢዎ ውስጥ ቆመው ቁርጭምጭሚትዎን የሚነክስዎ ጥቁር፣ እግሩ ላይ ነጭ መስመር ያለው ትንሽ ትንኝ የእስያ ነብር ትንኝ ይባላል። የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በቴክሳስ ሂዩስተን ከተማ አካባቢ ተራብቶ ተገኘ፤ የመጣውም ያገለገሉ የመኪና ጎማዎች ውስጥ በቀረ ውኃ እንደሆነ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ግዛቶች ተሰራጭቷል።

ይህ ትንኝ ረግረግ ወይም ወንዝ አይፈልግም። የጠርሙስ ክዳን የሚሞላ ውኃ ይበቃዋል። እንቁላሉን የሚጥለው ከውኃው ትንሽ ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ክረምቱን አሳልፎም ዝናብ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ዕቃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡን በብሩሽ ፈግፍገው ማጠብ አለብዎት። በሙቀት ወራት ከእንቁላል ተነሥቶ የሚበር ትንኝ እስኪሆን ከሰባት እስከ አሥር ቀን ያህል ይፈጅበታል። «በሳምንት አንድ ጊዜ ውኃ ይድፉ» የሚባለው ለዚህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቢያደርጉት ዘግይተዋል ማለት ነው።

ሌላው ማወቅ የሚጠቅምዎ ነገር ነብር ትንኝ ሩቅ የማይበር መሆኑ ነው። የሚነክስዎ አብዛኛውን ጊዜ ከራስዎ ግቢ ወይም ከጎረቤት ግቢ የተፈለፈለ ነው። የእርስዎን ግቢ አጽድተው ትንኙ ካልቀነሰ ጎረቤትዎን ማነጋገር ያስፈልጋል። እዚህ አገር የጎረቤትን በር ማንኳኳት ሊከብድ ይችላል፤ ሆኖም «ትንኝ በዝቶብናል፣ ግቢያችንን አብረን እንይ» ብሎ መጀመር ብዙ ጊዜ ሰውን አያስቀይምም።

ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት የሚነክሰው ደግሞ ኩሌክስ የሚባለው ቡናማ ትንኝ ነው። የሚራባው በቆሸሸና በተኛ ውኃ ውስጥ ነው፦ በተደፈነ አሸንዳ፣ ማጣሪያው በማይሠራ መዋኛ ገንዳ፣ በጎርፍ መውረጃ ጉድጓድ። ዌስት ናይል የተባለውን ቫይረስ በዋናነት የሚያስተላልፈው እርሱ ነው። ቫይረሱ በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዮርክ ነው። ከተያዙ አሥር ሰዎች ስምንቱ ምንም ምልክት አያሳዩም። ከአምስት አንዱ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሰውነት ድካም ይሰማዋል። ከ150 ሰዎች አንዱ ግን አንጎልን ወይም ኅብለ ሰረሰርን የሚነካ ከባድ ሕመም ይይዘዋል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመምተኞችና የሰውነት መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ይበልጥ ይጎዳሉ። ለሰው የሚሰጥ ክትባት የለውም። ልጅ ለማሳደግ አገር ቤት ድረስ ተጠርተው የመጡ አያቶች ማታ በረንዳ ላይ የሚቀመጡ ከሆነ፣ ረጅም እጅጌና ካልሲ እንዲለብሱ ያድርጉ። ማራገቢያም አጠገባቸው ያስቀምጡ። ትንኝ በነፋስ ላይ መብረር ስለማይችል ተራ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ በጣም ይረዳል።

ግቢዎን ሲዞሩ የት ይመልከቱ?

ሰዎች ባልዲና ጎማ ያያሉ፤ የሚያመልጣቸው ሌላው ነው። የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠውን ሳህን ያንሱ። የባርቤኪው ወይም የማገዶ መሸፈኛ ሸራ እጥፋቱ ውስጥ ውኃ ይይዛል፤ ወጥረው ይሰሩት። የልጆችን የፕላስቲክ ገንዳ ከተጠቀሙበት በኋላ ይገልብጡት። የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ክዳንና ታች ይመልከቱ። ከአሸንዳው ጫፍ ተቀጥሎ ውኃውን ከቤቱ የሚያርቀው የተሸበሸበ ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ በየእጥፋቱ ውኃ ስለሚያስቀር፣ በብዙ ግቢ ዋናው የትንኝ መፈልፈያ እርሱ ነው። ውጪውን ብቻ የሚያይ ሰው አይደርስበትም። የሚቻል ከሆነ ውስጡ ልሙጥ በሆነ ቱቦ ይለውጡት፤ ካልሆነ ጫፉን በወንፊት መረብ ወይም በአሮጌ ስስ የሴት ካልሲ ሸፍነው በላስቲክ ይሰሩት።

የአትክልት ቦታ ያላችሁ ሰዎች የዝናብ ውኃ በበርሜል ታጠራቅማላችሁ። ማጠራቀሙ አይከፋም፤ ነገር ግን አፉ ቀዳዳው በጠበበ መረብ መሸፈን አለበት። የማይደፋ ውኃ ካለ ደግሞ ቢቲአይ የሚባል ነገር አለ። የቀለበት ቅርጽ ያለው ደረቅ ጥፍጥፍ ሲሆን በዕቃ መደብር የአትክልት ክፍል ይሸጣል። ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ የትንኝ እጮችን ይገድላል፤ ለሰው፣ ለወፍ፣ ለዓሣና ለቤት እንስሳ አደገኛ አይደለም። አንዱ ጥፍጥፍ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ቀን ያህል ይሠራል። ዋጋውም ውድ አይደለም።

ተከራይ ከሆኑ የተቀደደ የመስኮት መረብ ማሠራት፣ የተደፈነ አሸንዳና የቆመ ውኃ ማስወገድ አብዛኛውን ጊዜ የአከራዩ ኃላፊነት ነው። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ፎቶ ያያይዙ፤ ቀኑንም ይያዙ። መልስ ካላገኙ ወደ ካውንቲዎ መረጃ መስጫ ስልክ፣ በብዙ ቦታ 311፣ ደውለው ማመልከት ይችላሉ።

ስለ መርጫ መድኃኒት

ኩባንያ ጠርቶ ግቢን ማስረጨት ብዙ ጊዜ የሚያጓጓ መፍትሔ ነው። ጭጋጉ የሚገድለው በዚያ ሰዓት የሚበረውን ትንኝ ነው፤ ውኃ ውስጥ ያለውን እጭ አይነካም። ስለዚህ ውኃው እስካለ ድረስ አዲስ ትንኝ በቀናት ውስጥ ይመጣል። ንቦችንም ይገድላል፤ ቃሪያዎና ዱባዎ ፍሬ እንዲይዙ ደግሞ ንብ ያስፈልጋቸዋል። ካስረጩም ባለሙያው የግዛቱ ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ እስኪደርቅም ልጆችና የቤት እንስሳት ከቤት አይውጡ።

ከአገር ቤት በትንሽ ጠርሙስ የመጣ ማላታይን ወይም ዱቄት ዲዲቲ በቤትዎ ካለ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ዲዲቲ በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1972 ታግዷል። ለእርሻ የተዘጋጀ መርዝ በመኝታ ቤት፣ በምንጣፍ ወይም በልጅ ራስ ላይ ሲደረግ ሰው ይገድላል። መርዝን በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥም ብዙ ሕፃናትን ለአደጋ ዳርጓል። በመጸዳጃ ቤት ወይም በቧንቧ አይድፉት፤ የካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ በነፃ ይረከባል ወይ ብለው ይጠይቁ። አንድ ሰው መርዝ ከዋጠ፣ ከተነፈሰ ወይም ዓይኑ ውስጥ ከገባበት በ1-800-222-1222 ይደውሉ። ቀንና ሌሊት የሚሠራ፣ ነፃና አስተርጓሚ የሚያገኙበት የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። ሰውየው ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ከከበደው 911 ይደውሉ።

በቆዳ ላይ የሚቀባ መከላከያ ሲገዙ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ የኢ.ፒ.ኤ.፣ የምዝገባ ቁጥር በዕቃው ላይ መኖሩን ይመልከቱ። ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለበት ለትንኝም ለመዥገርም ይሠራል። ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ምንም ዓይነት መከላከያ አይቀባም፤ ጋሪውን በትንኝ አጎበር ይሸፍኑ። የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት ያለበት ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሆንም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከተጠቀሙ እርሱን አስቀድመው ይቀቡ፤ የትንኙ መከላከያ ከላይ ይሁን። በድምፅ ትንኝ ያባርራል ተብሎ የሚሸጠውን መሣሪያ አይግዙ፤ አይሠራም። የወይራ ጭስም ለቤት መዓዛ መልካም ነው፤ ከትንኝ ያድነኛል ብለው ግን አይተማመኑበት።

መዥገር

በአካባቢያችን ጥቁር እግር ያለው የአጋዘን መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በጣም አደገኛው ጊዜ ታዳጊዎቹ መዥገሮች የሚበዙበት ከሜይ እስከ ጁላይ ነው። ታዳጊው መዥገር የጤፍ ፍሬን የሚያክል ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ይነከሳል፤ ንክሻውም አያምም። ትልልቆቹ በመኸርና በጸደይ ይበዛሉ፤ በክረምትም ቢሆን ውርጭ በሌለበት ቀን ይወጣሉ።

መዥገር አይዘልም፤ አይበርም፤ ከዛፍ ላይም አይወርድም። ሣር ወይም ቅጠል ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ የሚያልፈውን ሰው ወይም እንስሳ ይይዛል። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት የሚረዳው ለዚህ ነው።

መዥገር ድርቀት አይወድም። ግቢዎን ሲያዘጋጁ ይህን አንድ ነገር ካስታወሱ ሌላው ይከተላል። ሣሩን አጭር ያድርጉ። የረገፈ ቅጠል ጠርገው ያስወግዱ፤ በአጥር ጥግ አይከምሩት። ማገዶን ፀሐይ በሚያገኝ ደረቅ ቦታ በሥርዓት ይደርድሩ፤ የላይም ጀርም በዋናነት የሚገኘው አይጦች ላይ ነው፤ አይጥ ደግሞ በተዝረከረከ እንጨት ውስጥ ይሰፍራል። ግቢዎ ከጫካ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በሣሩና በጫካው መካከል አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጠጠር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ መስመር ያንጥፉ። የልጆች መጫወቻና የቡና ማፍያ ወንበሮች ከጫካው ጥግ ርቀው ፀሐይ ወዳለበት ይሁኑ። አጋዘን መልካም ቢሆንም አትመግቡት፤ ትልልቆቹን መዥገሮች ወደ ግቢ የሚያመጣው እርሱ ነው።

ከውጪ ሲገቡ ልብስዎን ሳያጥቡ በፊት በማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩት፤ ደረቅ ሙቀት መዥገርን ይገድላል። ማጠብ ብቻ፣ በተለይም በቀዝቃዛ ውኃ፣ አይገድለውም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰውነትዎን ይታጠቡ። ከዚያ ብብት፣ ጆሮ ውስጥና ከጆሮ ጀርባ፣ እምብርት፣ ወገብ፣ ብሽሽትና ከጉልበት ጀርባ ይፈትሹ። ሹሩባ የተሠሩ ልጆችን በየመስመሩ መካከል በጣትዎ ዳብሰው ይመልከቱ፤ የአንገታቸውን ሥርም አይዝለሉ።

መዥገር ከተጣበቀብዎ

ጫፉ በሾለ ወረንጦ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይያዙትና ቀጥ አድርገው፣ በዝግታ፣ ሳይጠመዝዙ ወደ ላይ ይሳቡት። ቦታውን በሳሙናና በውኃ ወይም በአልኮል ያጽዱ። ክብሪት፣ ነጭ ጋዝ፣ ቅቤ ወይም ቫዝሊን አይጠቀሙ። እነዚህ መዥገሩን በማስጨነቅ ጀርሙን ወደ ደምዎ እንዲተፋ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ውድ ጊዜም ያባክናሉ። ላይም እንዲተላለፍ መዥገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ዛሬ ያወጡት መዥገር ከነገው ይሻላል።

የወጣውን መዥገር በፕላስተር ላይ ለጥፈው ወይም በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ከትተው ቀኑን ይጻፉበት፤ ፎቶም ያንሡ። የአጋዘን መዥገር ከሆነና ደም ጠጥቶ ያበጠ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሐኪም ይደውሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን በሽታውን ሊከላከል ይችላል። መዥገር በእንግሊዝኛ «ቲክ» ይባላል፤ በስልክ ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ቃል መናገር ይረዳዎታል።

በጠይም ቆዳ ላይ የሚታየው ምልክት

ላይም በአብዛኛው ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ቀስ እያለ የሚሰፋ ሽፍታ ያወጣል። በብዙ መጽሐፍና ፖስተር ላይ የሚታየው ሥዕል ነጭ ቆዳ ላይ ያለ ደማቅ ቀይ ቀለበት ነው። በእኛ ቆዳ ላይ እንዲህ ላይታይ ይችላል። እንደ በለዘ ቦታ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ቀለበት ላይኖረውም ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ አያሳክክም፤ አያምምም፤ ሲዳስሱት ግን ሞቅ ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ጠይም ሰዎች ዘግይተው ይታከማሉ። ስለዚህ በቀለሙ ሳይሆን በመስፋቱ ይፍረዱ፦ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩና በማግስቱ መስመሩን አልፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ካለፈ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ ሽፍታ ጨርሶ አይወጣለትም፤ እርሱ የሚያውቀው በትኩሳት፣ በብርድ ብርድ ማለት፣ በራስ ምታትና በመገጣጠሚያ ሕመም ነው።

በጊዜ ካልታከመ ጉልበት ያብጣል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ ወይም የፊት አንድ ጎን ይንጠለጠላል። ብዙ ሰው የፊት መጣመምን «ብርድ መታኝ» ብሎ ያልፈዋል። ከላይምም ሊመጣ ይችላል፤ ከስትሮክም ሊመጣ ይችላል። በድንገት ከተከሰተ አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ።

የውሻ መዥገር የሚያመጣው ሮኪ ማውንቴን የሚባለው የትኩሳት ሕመም ደግሞ እምብዛም ባይገጥምም በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ስለሆነ፣ በመዥገር ወራት ከፍተኛ ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘዎ ሽፍታ እስኪወጣ አይጠብቁ።

ሥጋ የማያስማማው መዥገር

ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት ሎን ስታር የምትባል መዥገር ከነከሰች በኋላ አንዳንድ ሰዎች አልፋ-ጋል የሚባል አለርጂ ይይዛቸዋል። የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል ወይም የአሳማ ሥጋ ከበሉ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ሰውነታቸው ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ያስመልሳቸዋል ወይም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዶሮና ዓሣ አይነካቸውም። አንዳንዶቹን ግን ወተትና ቅቤም ያስቸግራቸዋል።

በእኛ ማኅበረሰብ ይህ በሽታ ሊደበቅ ይችላል። የሚፆም ሰው 55 ቀን ሙሉ ደህና ሆኖ ይቆያል፤ ለፋሲካ ክትፎና ጥብስ በልቶ ከተኛ በኋላ ሌሊት እየተሳከከ ይነሣል። «ሆዴ ፆም ለምዶ ነው» ወይም «ሥጋው ተበላሽቶ ነበር» ይላል። ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ከደረሰብዎ ለሐኪምዎ ምን እንደበሉና ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመረዎ ይንገሩ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደ 911 ይደውሉ።

ቁንጫ

ውሻ ወይም ድመት ባይኖርዎትም ቁንጫ ሊኖርዎት ይችላል። ከበረንዳ ሥር የሚያድሩ የሰፈር ድመቶች፣ ራኩንና ኦፖሰም ያመጡታል። ውጪ ምግብ አያስቀምጡ፤ የበረንዳውን ሥር በሽቦ ይዝጉ። የቁንጫ እጭ ፀሐይ ስለማይችል ሣሩ ሁሉ ላይ መርጨት ትርፉ ድካም ነው፤ ጥላና እርጥበት ያለበትን ማጽዳት ይበቃል።

ቤት ውስጥ የሚያዩት አዋቂ ቁንጫ ከጠቅላላው አምስት ከመቶ ገደማ ነው። ቀሪው እንቁላልና እጭ ሆኖ ምንጣፍ ውስጥ ነው፤ አንዳንዱም በቅርፊት ተሸፍኖ ለወራት ይቆይና የሰው እግር ንዝረት ሲሰማው ይወጣል። ባዶ የነበረ ቤት የተከራየ ሰው በገባ ቀን የሚወረረው ለዚህ ነው። ምንጣፉን፣ የሶፋውን ሥርና የግድግዳውን ጥግ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በየቀኑ በቫኪዩም ይጥረጉ፤ ከረጢቱን ወዲያው ከቤት ያውጡ። አንሶላና የእንስሳውን መኝታ በሙቅ ውኃ ይጠቡ። እንስሳ ካለዎት እርሱን፣ ቤቱንና ግቢውን በአንድ ሳምንት ያክሙ፤ አንዱን ትተው ሌላውን ቢያክሙ ይመለሳል። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ይገድላል፤ የእንስሳ ሐኪም ሳያማክሩ ለድመት አያድርጉ።

ትኩሳት ሲይዝዎ ለሐኪም የሚነግሩት

ክሊኒክና ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብልዎ የመጠየቅ መብት አለዎት። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። በምን ቀን እንደተነከሱ ወይም ሣርና ጫካ ውስጥ እንደነበሩ፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀንና የሚወስዱትን መድኃኒት ይንገሩ።

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያ ሄደው ከሆነም ይህን ሳይጠየቁ አስቀድመው ይናገሩ። ወባ በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1951 እንደጠፋ ይቆጠራል፤ በ2023 በፍሎሪዳ፣ በቴክሳስና በሜሪላንድ ውጪ አገር ያልሄዱ ጥቂት ሰዎች ተይዘው ነበር። እዚህ የሚታየው ወባ በአብዛኛው ከጉዞ የሚመጣ ስለሆነ ሐኪሙ ሳይነገረው ላያስበው ይችላል። ልጅ ሳሉ የነበረዎት የመቋቋም አቅም ከአገር ርቀው ሲኖሩ ይዳከማል፤ እዚህ የተወለዱ ልጆችዎ ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ወደ ቆላማ አካባቢ ወይም እንደ ድሬዳዋ ወዳሉ ከተሞች የሚጓዙ ከሆነ ከአንድ ወር በፊት ሐኪም ዘንድ ሄደው የወባ መከላከያ ክኒን ይጠይቁ፤ ከተመለሱ በኋላም ሐኪሙ ያዘዘልዎን ቀን ያህል ሳያቋርጡ ይጨርሱት።